በሰው አገር ስለ ሰው መብት ማገልገል

(ለአጥቢያ ምእመናን ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ከየአጥቢያው ወደ ጽሕፈት ቤታችን ደጋግሞ ከሚመጣ ጥያቄ የተነሣ ነው። ጥያቄው በሁለት ወገን ይመጣል። ወጣቶቹ፣ «ትምህርታችንን ጨርሰናል፤ ሥራ ከመያዛችን በፊት አንድ ዓመት ወደ ውጭ አገር ሄደን በሰብዓዊ መብት ሥራ በነጻ ማገልገል እንፈልጋለን፤ ምን ትመክሩናላችሁ?» ይሉናል። ወላጆች ደግሞ፣ «ልጃችን ይህን ያህል ዘመን ተምሮ፣ ገና የአንድ ወር ደሞዝ ሳያሳየን፣ ያለ ክፍያ በሰው አገር ሊንከራተት ነው ወይ?» ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። የወጣቶቹን ፍላጎት እንደ ቅብጠት፣ የወላጆቹንም ሥጋት እንደ እምነት ማነስ አንቆጥረውም።

እኛ ይህን ጥያቄ የምንመልሰው በደረሰብን ነገር ነው። ከደረሰብን መካከልም የሚበልጠው ክፍል ያላስመሰገነን ነው። ቢሆንም ሌላው እንዲማርበት እንናገረዋለን። የውጭውን አገር ታሪክ ስንጠቅስ ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

እንዴት እንደ ሄድን

እኛ ሁለት ነበርን፤ አንድ ወንድምና አንዲት እህት። ሁለታችንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገና የተመረቅን፣ ዕድሜያችንም ሃያ አምስት ያልሞላ ነበርን። በ2017 በመስከረም ወር ወደ ሊባኖስ ዋና ከተማ ወደ ቤሩት ሄድን። በዚያ ከተማ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ የውጭ አገር ሴቶች ችግር ሲደርስባቸው መጠለያና የሕግ ምክር ይሰጥ ነበር። ወደዚያ ከሚመጡት ብዙዎቹ የእኛው እህቶች ስለ ነበሩ፣ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ተፈለገ። የአውሮፕላን ቲኬታችንን ሦስት አጥቢያዎች አዋጥተው ገዙልን። መኝታና ምግብ ድርጅቱ ቻለን። ደሞዝ አልነበረንም።

በዚያው ቤት ከአውሮፓና ከካናዳ የመጡ፣ በሕግና በዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት የተመረቁ ወጣቶች አገኘን። እነርሱም እንደ እኛ በነጻ የሚያገለግሉ ነበሩ። ብርቱዎች ነበሩ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ይጽፉ ነበር። አንዳንዶቹ በዩኒቨርሲቲ የተማሩት አረብኛ የመጽሐፍ አረብኛ ስለ ነበረ፣ በወጥ ቤት ውስጥ አረብኛ ከለመዱት እህቶቻችን ጋር ሲነጋገሩ የሚረዱት ግማሹን ብቻ ነበር። እኛ ደግሞ አማርኛውን እናውቅ ነበር እንጂ ሕጉንም አገሩንም አናውቅም ነበር። እንግዲህ እኛም እነርሱም በየበኩላችን ግማሽ ሰዎች ነበርን ማለት ይቻላል። ይህን ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው።

ሕጉ ከደጃፍ ሲመለስ

የሰብዓዊ መብት ሥራ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ የታሪክ ነገር ማንሣት ይጠቅማል። በ1948 በታኅሣሥ 10 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፓሪስ ተሰብስቦ ሁሉን አቀፉን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ሲያጸድቅ፣ 48 አገሮች ደግፈዋል፤ 8 ድምፅ ከመስጠት ተቆጥበዋል፤ የተቃወመ አልነበረም። ከደገፉት መካከል ሊባኖስም ኢትዮጵያም ነበሩ። መግለጫውን ካረቀቁት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሊባኖሳዊው ቻርልስ ማሊክ ነበሩ። ማንም ሰው በባርነት እንዳይያዝ፣ ማንም ሰው ከአገሩ ለመውጣትና ወደ አገሩ ለመመለስ እንዲችል የሚደነግጉት አንቀጾች በዚያ መግለጫ ውስጥ አሉ።

ነገር ግን መግለጫው ከመጽደቁ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ በግል ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸው ነበር። ይህም ማለት፣ ለፋብሪካ ሠራተኛ የተወሰነው የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀንና ዝቅተኛ ደሞዝ ለቤት ሠራተኛዋ አይደርስም ማለት ነው። በዚህ ላይ ከፋላ የሚባለው አሠራር ተጨመረ። ከፋላ ማለት የዋስ ሥርዓት ነው። ሠራተኛዋ ወደ አገሩ የምትገባው በአንድ አሠሪ ዋስትና ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷም ከዚያ አሠሪ ስም ጋር የታሰረ ነው። አሠሪዋ ደሞዝ ከለከለቻት ብላ ከቤት ከወጣች በዚያው ሰዓት ሕገ ወጥ ትሆናለች። ብዙ ጊዜም አሠሪው «ሰርቃኝ ጠፋች» ብሎ ይከስሳታል። ፓስፖርቷ በአሠሪው ካዝና ውስጥ ነው። ያመጣት ኤጀንሲ በበኩሉ፣ «ሦስት ወር የዋስትና ጊዜ አለፈ፤ ከእንግዲህ አያገባኝም» ይላል።

ከ2019ኙ የገንዘብ ቀውስ በፊት በሊባኖስ የሚኖሩት የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች 250,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመት ነበር። ከሁሉ የሚበዙትም ኢትዮጵያውያት ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በ2008 ባወጣው ዘገባ፣ ከጥር 2007 ጀምሮ እስከዚያ እስከ ነሐሴ ወር ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች በዚያች አገር መሞታቸውን አስታውቋል። ከእነዚህ መካከል 40 ያህሉ ራሳቸውን እንዳጠፉ በየኤምባሲዎቻቸው የተመዘገቡ ሲሆኑ፣ 24ቱ ደግሞ ከከፍተኛ ፎቅ ወድቀው የሞቱ ነበሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ለማምለጥ ሲሞክሩ የወደቁ ናቸው። በ2012 አንዲት የሁለት ልጆች እናት በኢትዮጵያ ቆንሲላ ደጃፍ ላይ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተች። ይህን ሁሉ ሳንሄድ አንብበን ነበር። ስለዚህም ቤሩት ስንደርስ ልባችን ተቆጥቶ ነበር። ቁጣችን ደግ ነበር፤ ጥበብ ግን አልነበረውም።

የሠራነው ስሕተት

በደረስን በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ አንዲት እህት ደወለች። ደብቃ በያዘችው ስልክ ከወጥ ቤት ሆና ነበር የምትናገረው። ስሟን አንናገርም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጻለን። ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ውስጥ የ14 ወር ደሞዝ አልተከፈላትም። በወር የተዋዋለችው 150 ዶላር ነበር፤ ስለዚህ 2,100 ዶላር ቀርቶባታል። ቤቱ በስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ማዳሟ ስትወጣ በሩን ትቆልፋለች። ከቤት የወጣችበትን ቀን በጣት መቁጠር ትችል ነበር።

እኛ በደስታ ተነሣን። ደስታ ያልነው እውነቱን ለመናገር ነው፤ ሰው ሲጎዳ ደስ ይለናል ማለት ሳይሆን፣ «የመጣንበትን ሥራ አገኘን» የሚል ስሜት ስላደረብን ነው። ሌሊቱን ታሪኳን ጻፍን። አንድ ጊዜ የነገረችንን ሦስት ጊዜ አስደገምናት። በመጨረሻም፣ «አይዞሽ፣ በዚህ ሳምንት ትወጫለሽ» አልናት። ይህን ተስፋ እንድንሰጥ ማንም አልፈቀደልንም፤ እርሷም ልውጣ አላለችንም። የጠየቀችን ስለ ደሞዟ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት፣ የድርጅቱ ኃላፊ በሌለችበት፣ ከሕግ ምሩቃኑ አንዱና እኛ ተማክረን ወደ አሠሪዋ ቤት ስልክ ደወልን። የሠራተኛዋን ስም ጠርተን፣ ፓስፖርት መያዝና ሰው መቆለፍ ወንጀል እንደሆነ ነገርናት። በትሕትና ነው የተናገርነው፤ ንግግራችንም ትክክል ነበር። ማዳሟ ዝም ብላ ሰማችንና ስልኩን ዘጋች። በዚያው ቀን የእህታችን ስልክ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለ23 ቀን ድምፅዋን አልሰማንም።

እነዚያን 23 ቀናት እንዴት እንዳሳለፍናቸው ለመግለጽ አስቸጋሪ ነው። ስለ ስድስተኛ ፎቅ እናስብ ነበር። ያነበብነው ቁጥር ሁሉ፣ 95፣ 40፣ 24፣ ሌሊት ሌሊት ይመጣብን ነበር። ከመካከላችን እህት የሆነችው ምግብ አልበላ አላት። ጸለይን፤ ግን ጸሎታችን የበደለ ሰው ጸሎት ነበር።

እትዬ ያስተማሩን

በቤሩት የእሑድ ጉባኤያችን ውስጥ ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት ነበሩ። በዚያ አገር 16 ዓመት ኖረዋል። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት ሠርተው፣ እሑድ ለአምልኮ ለሚመጡት ሽሮ ይዘው ይመጣሉ። ትምህርታቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ጭንቀታችንን ሲያዩ ጠየቁን፤ የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ እናንተ ዓመቱ ሲያልቅ አውሮፕላን ትሳፈራላችሁ። እሷ ግን እዚያች ቤት ነው የምታድረው። ከመደወላችሁ በፊት እሷን ጠየቃችኋት?»

«እትዬ፣ ሕጉ ከእርሷ ጋር መሆኑን ልናሳያቸው ብለን ነው» አልናቸው።

«ሕጉ እሷ ካለችበት ጓዳ መች ደረሰና? ወጥ ቤት ያለችው እሷ ናት፤ ማዳሟም እዚያው ናት።»

እትዬ ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ልብ በሉ። ማንንም አልተቆጡም፤ ለማንም ደብዳቤ አልጻፉም። በዚያ ሰፈር የምትሠራ አንዲት የአገራቸውን ልጅ አፈላልገው፣ ከዚያ ሕንጻ ፊት ለፊት ባለው ፎቅ የምትሠራ ሌላ እህት አገኙ። በቤሩት እህቶቻችን ልብስ ሲያሰጡ ከበረንዳ ወደ በረንዳ በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ ለማዳሞቹ ዘፈን ይመስላቸዋል። በዚሁ መንገድ በ23ኛው ቀን ወሬ መጣ፤ በሕይወት አለች፣ ስልኳን ተቀምታለች፣ አልተደበደበችም፣ ቁልፉ ግን በእጥፍ ሆኗል። እትዬ በዚያችው እህት በኩል ሁለት ጥያቄ ብቻ ላኩባት፤ «ምን ትፈልጊያለሽ? ምን ትፈሪያለሽ?» የሚል። መልሱ ከሁለት ቀን በኋላ መጣ። የምትፈልገው ደሞዟን ይዛ ወደ አገሯ መግባት ነው። የምትፈራው ደግሞ በሌብነት ተከስሳ እስር ቤት መግባትን ነው። ክስ እንዲመሠረት አልፈለገችም። ፎቶግራፍዋም እንዲወጣ አልፈለገችም።

ከዚያ በኋላ ሥራው በድርጅቱ ጠበቃ እጅ ሆነ። ጠበቃውም የአገሩ ተወላጅ ነበር። ጉዳዩ በኤጀንሲው በኩል ሦስት ወር ድርድር ፈጀ። በመጨረሻም የ14ቱ ወር ሳይሆን የ9 ወር ደሞዝ፣ 1,350 ዶላር፣ ከፓስፖርቷና ከመመለሻ ቲኬት ጋር ተሰጣት። «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለኝም» የሚል ወረቀትም አስፈረሟት። ከእኛ ጋር የደወለው ወጣት የሕግ ምሩቅ በዚያ ቀን አለቀሰ። «ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረብን» አለ። እውነቱን ነው፤ ፍትሕ አልነበረም። እትዬ ግን፣ «ፍርድ ቤቱ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ሁለት ዓመት የት ትተኛለች?» ብለው መለሱለት። ሁለቱም ልክ ነበሩ። የዚህ ሥራ አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነው።

ወደ አውሮፕላን ጣቢያ የሸኘናት እኛ ነበርን። ይቅርታ ጠየቅናት። እርሷም፣ «በእናንተ አልፈርድም፤ ግን ሁለተኛ ስትደውሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ» አለችን። ቀጥላም፣ «ስሜን ጽፋችኋል?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ለደኅንነቷ ሲባል በመዝገቡ ላይ በቁጥር ብቻ እንደ ተጻፈች፣ ስሟ የትም እንደማይወጣ ነገርናት። ያጽናናታል ብለን ነበር። እርሷ ግን፣ «እዚያ ቤት ሁለት ዓመት በሌላ ስም ነው የጠሩኝ፤ ስሜ ይከብዳቸዋል ተብሎ። እናንተስ እንኳ ስሜን ጻፉልኝ» አለች። ከእኛ አንዱ የግል ማስታወሻውን አውጥቶ ሙሉ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ በፊቷ ጻፈው። በጉባኤ ፊት የማንናገረው እርሷ ስላልፈቀደችልን ነው። ማስታወሻው ግን እስከ ዛሬ በእጃችን አለ።

ከሄድን በኋላ የሆነው

ዓመታችን ሲፈጸም ተመለስን። ሊባኖስ ግን ከእኛ በኋላ የባሰ ቀን አየች። በ2019 መጨረሻ የገንዘብ ሥርዓቷ ወደቀ፤ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ የነበረበት ዘመን አለፈ። ብዙ አሠሪዎች ደሞዝ መክፈል ሲያቅታቸው፣ በ2020 በሰኔ ወር እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው በመኪና እያመጡ በኢትዮጵያ ቆንሲላ ደጃፍ ላይ ጣሏቸው። በዚሁ ዓመት በነሐሴ 4 ቀን በቤሩት ወደብ የደረሰው ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። በመስከረም ወር የሥራ ሚኒስቴሩ ለቤት ሠራተኞች የተሻለ የሥራ ውል አውጥቶ ነበር። የዕረፍት ቀንን፣ ፓስፖርትን በእጅ መያዝንና ሥራ መልቀቅን የሚፈቅድ ነበር። የኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ግን ከሰሰ፤ በጥቅምት ወር የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ውሉን አገደው።

በዚያ ክፉ ጊዜ ከውጭ የመጡት ምሩቃን ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ገብተው ነበር። ታዲያ በመንገድ ላይ ለወደቁት ዱቄትና ዘይት ያደረሱ፣ የቤት ኪራይ የከፈሉ እነማን ነበሩ? ከእነርሱ መካከል በ2017 በራሳቸው በኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች የተመሠረተው «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ይገኝበታል። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው። ከዚያም በፊት፣ በ2015 በጥር ወር፣ ከብዙ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች በቤሩት ተሰብስበው የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር መሥርተው ነበር፤ የሥራ ሚኒስቴሩ ባያውቀውም። እንግዲህ እኛ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ ልንሆን» ብለን ስንሄድ፣ እነርሱ ድምፅ ነበራቸው። የጎደላቸው የሚሰማቸው ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስለ ደጉ ሳምራዊ ብዙ ተምረናል። ዘይቱንና ወይኑን፣ አህያውንም እናስታውሳለን። ያላስተዋልነው ግን ሳምራዊው መንገደኛ መሆኑን ነው። ቁስለኛውን አደረሰው፤ ገንዘብ ከፈለ፤ እንደሚመለስም ቃል ገብቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቁስለኛውን እንዲያስታምም አደራ የተቀበለው የማረፊያው ቤት ባለቤት ነው። ወደ ውጭ አገር ለአንድ ዓመት የሚሄድ ወጣት ምሩቅ መንገደኛ ነው። መንገደኛ መሆን ነውር የለበትም፤ ቁስለኛውን አይቶ ያላለፈ መንገደኛ ምስጉን ነው። የማረፊያውን ቤት ባለቤት ካላወቀ ግን ቁስለኛውን የትም አያደርሰውም።

ወደ እናቷ ቤት

በ2019፣ በአንድ የፕሮጀክት ጉብኝት ምክንያት፣ የዚያች እህት ወላጆች በሚኖሩበት ወረዳ አለፍን። ቤታቸውን ጠይቀን ሄድን። ቆርቆሮ የለበሰ አዲስ ቤት አገኘን። እናቷ ቡና አፈሉልን። ልጃቸውን ስንጠይቅ አንገታቸውን ደፉ። ከሊባኖስ ይዛ የመጣችው ገንዘብ ግማሹ ለደላላ የተበደሩትን ዕዳ ከፈለ፤ ግማሹ ቆርቆሮ ሆነ። ታናናሾቿ ገና ትምህርት ላይ ነበሩ። ስምንት ወር ተቀምጣ ሥራ አጣች። ከዚያም ወደ ሌላ አረብ አገር ሄደች።

«እናንተ አውጥታችሁልኝ ነበር፤ መልሼ የላክኋት እኔ ነኝ» አሉን እናቷ።

እኛም የምንመልሰው አልነበረንም። ቡናውን ጠጣን፤ ጸልየን ወጣን። በመንገድም ላይ ሁለታችን እንዲህ ተባባልን፤ ቤሩት ድረስ ሄደን የከፈትነው በር እዚህ በመንደሯ አልተከፈተላትም ነበር። ዛሬ በልማት ሥራ ላይ ያለነው ከዚያ ቀን የተነሣ ነው።

ለሚሄዱ ወጣቶች

እንግዲህ ሂዱ ወይስ ቅሩ? «ሂዱ» እንላለን፤ ግን እንዲህ ሂዱ።

አንደኛ፣ ለምን እንደምትሄዱ ራሳችሁን በእውነት መርምሩ። ወደፊት ሥራ ለማግኘት የሚረዳ ወረቀት መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የሌላው ሰው መከራ የእናንተ መሰላል እንዳይሆን ተጠንቀቁ። «ያላገኘሁትን ታሪክ አገኘሁ» ብሎ ልባችሁ ሲፈነድቅ፣ በዚያች ሰዓት ስልኩን አስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ቢቻል ከአንድ ዓመት አታሳንሱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትምህርት እንጂ አገልግሎት አይደሉም። የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ ከመጽሐፉ ይልቅ የወጥ ቤቱንና የገበያውን።

ሦስተኛ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተበደለችው እርሷ ናት፤ ውሳኔውም የእርሷ ነው። ምን እንደምትፈልግና ምን እንደምትፈራ ሳታውቁ ለማንም አትደውሉ፣ ለማንም አትጻፉ። አንድ ጊዜ የተነገራችሁን አታስደግሙ። ስሟን፣ ሰፈሯን፣ ፊቷን ያለ ፈቃዷ አታውጡ። የማትጠብቁትን ተስፋ አትስጡ።

አራተኛ፣ ከበላያችሁ ኃላፊ ያለበት ሥራ ውስጥ ግቡ። ስሕተታችንን የሠራነው ኃላፊዋ በሌለችበት ሰኞ ጠዋት ነው። ብቻውን የሚሮጥ በጎ ፈቃደኛ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው።

አምስተኛ፣ የፓስፖርታችሁን ነገር እወቁ። ከእናንተ መካከል በውጭ አገር ያደጋችሁና የዚያን አገር ፓስፖርት የያዛችሁ፣ ቢሮ ስትገቡ ወንበር ይሰጣችኋል። ያንን ወንበር ለእትዬ ልቀቁላቸው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዝን ደግሞ፣ በቤሩት መንገድ ላይ ከእኛ እህት የሆነችው «የማን ቤት ሠራተኛ ነሽ?» እየተባለች ሁለት ጊዜ ተይዛለች። ይህ ያሳፍራል፤ ነገር ግን እህቶቻችን በየቀኑ የሚኖሩትን በጥቂቱ ያስቀምሳል።

ስድስተኛ፣ ስትመለሱ ሥራውን ለሚቀረው ሰው አስረክባችሁ ተመለሱ። መዝገቡን፣ የተጀመረውን ጉዳይ፣ የገባችሁትን ቃል ሁሉ በስም ለይታችሁ አስረክቡ።

ለምእመናንና ለሥራ ባልደረቦቻችን

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አንድ ዓመት ያለ ደሞዝ ቢያገለግል የጠፋ ዓመት አይሁንባችሁ። ነገር ግን ባዶ እጁን አትላኩት። ሦስቱ አጥቢያዎች ቲኬት ከገዙልን በኋላ በየወሩ ደብዳቤ ይጽፉልን ነበር። በእነዚያ 23 ቀናት የደረሰን አንድ ደብዳቤ፣ «ምን እንደ ደረሰባችሁ አናውቅም፤ ግን እየጸለይን ነው» የሚል ነበር። ያ ደብዳቤ ሸክማችንን አቀለለልን።

ደግሞም ሁሉም ውጭ አገር አይሄድም። የሰብዓዊ መብት ሥራ በዚሁ በመንደራችን ይጀምራል። አንዲት ልጅ ልትሄድ ስትነሣ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ስንቅ እናዘጋጃለን፣ እንመርቃለን። ከምርቃቱ ጋር እነዚህን እንጨምር። የፓስፖርቷና የሥራ ውሏ ግልባጭ በወላጆቿና በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የኤጀንሲው ስምና አድራሻ፣ የአሠሪዋም ስም ይጻፍ። የቤተሰቧንና የቆንሲላውን ስልክ ቁጥር በቃሏ ትያዝ፤ ወረቀትና ስልክ ይቀማሉና። ከደላላ ጋር የሚሄድ ጉዞ ከሆነ፣ ሽማግሌዎቻችን ዝም አይበሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923፣ ዕድሜዋ 18 ያልሞላ እንዳትላክ፣ ሠራተኛ የሚላከውም ስምምነት ወዳለበት አገር ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው፤ የሚያውቀው ደላላ ግን አይነግረውም።

የፕሮጀክት ባልደረቦቻችን፣ በየቀበሌው የምታቋቁሟቸውን የቁጠባና የራስ አገዝ ቡድኖች ስትመዘግቡ ከአረብ አገር የተመለሱትን አትዝለሉ። ብዙዎቹ በኀፍረት ቤት ተቀምጠዋል። ሰው «ምን ይዛ መጣች?» ይላል እንጂ «ምን ደረሰባት?» አይልም። ስምንት ወር ሥራ አጥታ የተቀመጠችው እህት በዚያ ወረዳ ውስጥ የቁጠባ ቡድን ነበረ። ማንም አልጠራትም። የእኛው ፕሮጀክት ነበር።

ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን። እትዬ እስከ ዛሬ በቤሩት ናቸው። በ2024 በዚያ አገር ጦርነት በተስፋፋ ጊዜ ደውለን፣ «እትዬ፣ ለምን ወደ አገርዎ አይገቡም?» አልናቸው። «እሑድ ሽሮውን ማን ይዞ ይመጣል?» ብለው ሳቁ። ከዚያም፣ «ሰው የምትልኩ ከሆነ የሚሰማ ሰው ላኩልን፤ የሚናገር ሞልቷል» አሉን።

ይህን መልእክት አደራ ብለውናልና ለእናንተ አድርሰናል።